«ማኅተም ብቻ ነበር» የተባለው ንጉሥ

አምባላጌ፦ «የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ማኅተም ብቻ ነበር፤ ወንጀሉ የሙሶሊኒ ነው» የሚል ጽሑፍ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ የተቀበለው ማኅተሙ ነው ወይስ ሰውየው?

ባለ ዘውድ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። ፖሊሱም ጋዜጣውም በሙሶሊኒ እጅ ሳለ ንጉሡ ምን ያድርግ? ሰነድ ይመጣለታል፣ ያትማል። ደግሞ ዘውዳዊ ሁሉ ፋሺስት አይደለም። ኮሎኔል ሞንቴዜሞሎ ለንጉሡ እንደታመነ ሮም ውስጥ በኅቡዕ ሲታገል ተይዞ፣ በመጋቢት 1944 ጀርመኖች አርዴያቲኔ ዋሻ ውስጥ ከረሸኗቸው 335 ሰዎች አንዱ ሆነ።

ጠያቂዋ፦ «ያትማል» አሉ! በጥቅምት 1922 ጥቁር ሸሚዞች የተባሉት የሙሶሊኒ ታጣቂዎች ወደ ሮም ሲተምሙ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አቅርቦለት አልፈርምም ያለው ማን ነው? ማኅተም እምቢ ይላል እንዴ? ሙሶሊኒ እኮ ከሚላኖ ተኝቶ በባቡር ነው የመጣው።

ባለ ዘውድ፦ የእርስ በርስ ጦርነት ፈርቶ ነው።

አምባላጌ፦ ፈሪ ማኅተም! በ1924 የሙሶሊኒ ተቃዋሚ የነበረው የምክር ቤት አባል ማቴዮቲ ሲገደል ፈራ። በ1938 በአይሁዶች ላይ የወጡትን የዘር ሕጎች ሲፈርምም ፈራ። በሐምሌ 1943 ግን ጠላት ሲሲሊ ገብቶ ዙፋኑ ሲነቃነቅ ሙሶሊኒን ጠርቶ አሰናበተው፤ ከደጁም በአምቡላንስ አስወሰደው። ሃያ ዓመት የጠፋ እጅ በአንድ ቀን በቀለ።

ባለ ዘውድ፦ ይኸው! ያወረደው ንጉሡ ነው። ሙሶሊኒ ከዚያ በኋላ በሰሜን ጣሊያን ሳሎ ላይ ያቆመው ምን ነበር? ሪፐብሊክ! የንጉሡ ልጅ ልዕልት ማፋልዳስ ናዚዎች ቡኸንቫልድ ባቋቋሙት የእስረኞች ካምፕ ውስጥ አልሞተችም?

ጠያቂዋ፦ እሷንስ ነፍስ ይማር። አባቷ ግን ጀርመኖች ሲመጡ ሮምን ጥሎ ብሪንዲዚ ገባ፤ ሠራዊቱን ያለ ግልጽ ትእዛዝ ትቶ።

የፒያሳው፦ ሮም ሮም ስትሉ የካቲት 12ን ረሳችሁ። ግራዚያኒ በ1929 አዲስ አበባ ላይ ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት የሚያድለው ለምን ነበር? የዚሁ ንጉሥ የልጅ ልጅ ተወለደ ብሎ! አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት በሳቮያ ቤት፣ በንጉሡ ቤተሰብ፣ ደስታ መካከል ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት የሆነውን አልደግመውም።

ባለ ዘውድ፦ 1937 ነው።

የፒያሳው፦ በእኛ 1929 ነው። የአገርህን አቆጣጠርም ማኅተሙ አስረሳህ?

አምባላጌ፦ ይህ ሰው ለጣሊያኑ የሚሟገት አይመስለኝም። የትም ይሁን ዘውድ ሲነካ የእኛም የተነካ ይመስለዋል።

ባለ ዘውድ፦ ጃንሆይን በዚህ አታንሳ! ዘውድና ፋሺዝም አንድ ቢሆኑ እሳቸው በ1936 ጄኔቭ ድረስ ሄደው ይከሱት ነበር?

ጠያቂዋ፦ አንድ ናቸው ያለ የለም፤ ያልተባለውን አይመልሱ። የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ ኢማኑኤሌ ፊሊቤርቶ በ2021 ስለ ዘር ሕጎቹ የጣሊያን አይሁዶችን ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ማኅተም ይቅርታ ይጠየቃል?

ባለ ዘውድ፦ በ1946 ሕዝበ ውሳኔ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጣሊያናውያን ለዘውዱ ድምፅ ሰጡ። ሁሉም ፋሺስት ነበሩ?

አምባላጌ፦ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡት ደግሞ ሌላ ማኅተም፣ የሪፐብሊክ፣ አስቀረጹ።

ባለ ዘውድ፦ ቀልዱ፤ ስለ ሞንቴዜሞሎ ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።