አንዳንዱን ፕሮግረሲቭ ሮክ ስንሰማ ለምን እናፍርለታለን?

ጥያቄውን ያነሳው፦

ፕሮግረሲቭ ሮክ፣ ማለትም ያ ረጃጅም ቅንብርና የተወሳሰበ ምት የሚወድ የሮክ ዓይነት፣ እወዳለሁ። ከልቤ ነው የምለው፤ ልነቅፈው ብዬ አይደለም የምጽፈው። ግን ለዓመታት አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ቅንብር ከፍቼ፣ ተመስጬ እየሰማሁ፣ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቴ ይቀላል። አጠገቤ ሰው ካለ ድምፁን እቀንሳለሁ። የማፍረው ለራሴ አይደለም። ለሙዚቃው ነው የማፍርለት።

ፈረንጆቹ «ቺዚ» ይሉታል። በአማርኛ ልክ የሚሆን አንድ ቃል አላገኘሁለትም። «ፋራ» ብንለው ጊዜው ያለፈበት ማለት ብቻ ይሆናል። «ጉራ» ብንለው ደግሞ ጉረኛ ሆኖም የማያሳፍር ሙዚቃ ሞልቷል። ስለዚህ «የሚታፈርለት» እያልኩ ልቀጥል።

የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሚታፈርለት ሙዚቃ ሳይዘምት የሚፎክር ነው። ስሜቱን ሳይገነባ «አሁን እንባችሁን አምጡ» የሚለን። ችግሩ ርዝመቱም የምቱ መወሳሰብም አይደለም። ኪንግ ክሪምሰን የሚባለው ባንድ የ1974ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ስታርለስ» 12 ደቂቃ ይፈጃል። አንዲት ሰከንድ አፍሬለት አላውቅም። መሃሉ ላይ ጊታሩ አንዲት ኖታ ይደጋግማል። ቤዙ ከስር ያንኑ መስመር እየመላለሰ ይራመዳል። ኖታዋ በጣም ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች፣ ድራሙ ይከብዳል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዜማ ሲመለስ ሆዴ የሚንቦጫቦጨው ተለፍቶበት ስለመጣ ነው።

እስቲ ተከራከሩኝ።

ኪቦርዲስቷ፦

ወንድሜ፣ ግማሹን ነው ያየኸው። ሐሳቡን ትተህ መሣሪያውን ስማ።

ሜሎትሮንን ውሰድ። ከ1963 ጀምሮ በርሚንግሃም ውስጥ የተመረተ፣ እንደ ፒያኖ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። በየቁልፉ ስር አንድ ቁራጭ ቴፕ አለ። ቴፑ ላይ እውነተኛ ቫዮሊን፣ ፍሉት ወይም ኳየር ተቀድቷል። ቁልፉን ስትጫን ቴፑ መሮጥ ይጀምራል። ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል። ጣትህን ስታነሳ ወደ መጀመሪያው ተስቦ ይመለሳል። አንዱን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) እንደፈለግህ ይዘህ መቆየት አትችልም ማለት ነው። ሳያልቅብህ ወደ ቀጣዩ መሄድ አለብህ። ቴፑም እኩል አይሮጥም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ኳየሩ ሰው ያለበት፣ ግን የደከመው ሰው ያለበት ይመስላል። ድምፁን ከግብዝነት ያተረፈው ይህ ድካም ነው።

አሁን ደግሞ በ1983 የወጣውን የያማሃን ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር (ድምፁን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) አስብ። ዲጂታል ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ከፋብሪካ ተዘጋጅተው የመጡ ድምፆች ነበሩት። አዲስ ድምፅ መሥራት በጣም አስቸጋሪ ስለነበር ብዙዎች እነዚያኑ እንዳሉ ተጠቀሙባቸው። ያ የሚያብረቀርቅ ኤሌክትሪክ ፒያኖ በየፍቅር ዘፈኑና በየማስታወቂያው ገባ። ከዚያ አንዱ ባንድ ስለ ዓለም ፍጻሜ ሲዘፍን ያንኑ ድምፅ ያመጣዋል። ዘፋኙ ከልቡ ነው። አቀናባሪውም ለፍቶበታል። ጆሮህ ግን ማስታወቂያውን ነው የሚያስታውሰው። ድምፁ ሌላ ቤት አድሮ መጥቷላ!

እና «ሳይዘምት ፎከረ» ብለህ የፈረድህበት ስንቱ ዘምቶ የመጣ ይሆን? ልብሱ ብቻ ነው ያሳፈረህ።

የድሮ አድማጭ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሙዚቃው ውስጥ ነው የምትፈልጉት። እኔ እነዚህን ሸክላዎች ገና ሲወጡ የሰማሁ ሰው ነኝ። ያኔ ማንም አላፈረም። የጀነሲስ ባንድ ዘፋኝ ፒተር ጌብርኤል በ1972 የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ፣ የሚስቱን ቀይ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ደነገጠ፣ ተደነቀ። አፈርኩለት ያለ ግን አላየሁም። ኪቦርዲስቱ ኪት ኤመርሰን ሃሞንድ ኦርጋኑን በጩቤ ሲወጋ እንኳ በጉጉት ነበር የምናወራው።

ከዚያ በ1976 እና በ1977 ፓንክ የሚባለው ቀላልና ቁጡ ሮክ መጣ። የፓንኮቹ የሴክስ ፒስትልስ ዘፋኝ ጆኒ ሮትን፣ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ የሆነው የፒንክ ፍሎይድ ቲሸርት ላይ «እጠላለሁ» የሚል ጽፎ ለበሰ። የሙዚቃ ጋዜጦቹም ተከተሉት። ሦስት ኮርድ እውነት ሆነ፣ ሠላሳ ኮርድ ውሸት ሆነ። እናንተ የምትሉት እፍረት ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ተምራችሁት ነው እንጂ ከጆሯችሁ አልወጣም።

ድራመሩ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ስለ ፓንክ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ባሰማው፣ የቱ ጋ ሲደርስ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ይቺን ቦታ ልንገርዎት።

አዝማቹ ሁለት ጊዜ ተዘፍኗል። ሁሉም መሣሪያ ቀጥ ይላል። ድራመሩ ከትንሹ ከበሮ ወደ ትልቁ እየተንከባለለ ይወርዳል። አንድ የሲምባል ክራሽ፣ ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ዜማው እንዳለ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይነሳል፣ ኳየሩም ይገባል። አዲስ ዜማ የለም፤ አዲስ ኮርድም የለም። ያው ነገር ወንበር ላይ ቆመ። እኔም ራሴ እንዲህ ያለውን ስጫወት ኖሬያለሁ። እጄ ሲንከባለል ሰዉ ምን ሊመጣ እንደሆነ ቀድሞ ሲያውቅ ከመድረክ ይታየኛል። ያኔ ነው የሚታፈረው፤ ፓንክ ኖረም አልኖረም።

ምት ላይም ያው ነው። የፒንክ ፍሎይድ «መኒ» 7/4 ነው፤ ሰባት ሰባት እየተባለ ይቆጠራል። የሳንቲሙና የገንዘብ መመዝገቢያው ድምፅ በቴፕ ተቆራርጦ ሰባቱን ይቆጥርልናል። ማንም «ሰባት ነው» ብሎ አይጨነቅም፤ እግሩን ያነቃንቃል። ጊታር ሶሎው ሲመጣ ደግሞ ወደ ተለመደው አራት፣ ወደ 4/4 ይገባል፤ ጊታሩ በነፃነት እንዲሮጥ። ምቱ ለዘፈኑ ሠራ ማለት ይህ ነው። በሌላ በኩል ባንዱ በሙሉ በአንድ ላይ ታ-ታታ-ታ-ታታታ እያለ፣ ሁሉም እኩል እየመታ ለሁለት ደቂቃ ሲሄድ ሙዚቃው ቆሟል። ፈተና ሲያልፉ ነው የምናየው።

ግጥም አንባቢዋ፦

ግጥሙን ማንም አላነሳውም፤ ይገርመኛል። ለእኔ ግማሹ እፍረት ከዚያ ነው።

«የስ» የሚባለው ባንድ በ1973 ያወጣውን «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» አስቡ። ሁለት ሸክላ፣ አራት ፊት፣ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ቅንብር። የሐሳቡ ምንጭ ዘፋኛቸው ጆን አንደርሰን ያነበበው መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ነው። አንድ የግርጌ ማስታወሻ! ኪቦርዲስቱ ሪክ ዌክማን ራሱ ነገሩ ለአንድ ሸክላ የበዛ፣ ለሁለት ደግሞ የማይበቃ እንደነበር ተናግሯል፤ በማግስቱ ዓመት ከባንዱ ወጣ። ውስጡ በጣም የሚያምሩ ቦታዎች አሉ፤ አልክድም። ግን ቃላቱ ሁሉ ብርሃን፣ ዘመን፣ ነፍስ፣ ምንጭ ናቸው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የሰው እጅ የለም። ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር ሳይነግረኝ ስለ ዘላለም ሲያስተምረኝ እሸማቀቃለሁ።

ዌክማንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ1975 የንጉሥ አርተርን ታሪክ ዌምብሌይ ላይ በበረዶ ሸርተቴ ነው ያቀረበው፤ ፈረሰኞቹ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ። ጋሼ፣ ያኔም አላፈራችሁም?

የድሮ አድማጭ፦

እሱን እንኳ አልከላከልለትም ልጄ።

ግን እኔም በተራዬ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጄትሮ ተል የሚባለው ባንድ በ1972 «ቲክ አዝ ኤ ብሪክ»ን አወጣ። ሸክላው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዘፈን ነው፤ 43 ደቂቃ ያልፋል። የባንዱ መሪ ኢያን አንደርሰን የሠራው በእነዚያ በተንዛዙ ሸክላዎች ላይ ለመቀለድ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ሰዉ ግን ከልቡ ወደደው። አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። እኔም እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

እንግዲህ «የሚታፈርለት ሳይዘምት የሚፎክር ነው» ያልከው ልጅ፣ ይህን ንገረኝ። ለቀልድ የተፎከረ ፉከራ እንዴት አላሳፈረንም?

ጥያቄውን ያነሳው፦

ጋሼ፣ ይቺ ጥያቄ ሁለት ቀን አሳድራኛለች።

እንደገና ሰማሁት። ያላሳፈረን ለቀልድም ቢሆን ስለዘመተ ይመስለኛል። የመጀመሪያዋ የአኩስቲክ ጊታር ዜማ እየተለዋወጠች ትመለሳለች፤ ፍሉቱ ይይዛታል፣ ኦርጋኑ ይይዛታል። ሥራው ተሠርቷል። ዓላማው ቀልድ መሆኑን ጆሮ አያውቅም። ጆሮ የሚያውቀው የተሠራውን ነው። ስለዚህ «ከልቡ ነው ወይስ አይደለም» የሚለው መለኪያ እንደማይሠራ እቀበላለሁ። እኔም በመጀመሪያ ሁለቱን ሳላምታታ አልቀረሁም።

ኪቦርዲስቷ፣ የሜሎትሮኑ ነገር ገብቶኛል። ሬዲዮሄድ የሚባሉት ባንድ በ1997 ያንኑ የሜሎትሮን ኳየር ሲያመጡት ማንም «ፋራ» አላላቸውም፤ ይህ ያንቺን ይደግፋል። ግን አንድ ቅንብር ሁላችሁንም የሚያስቸግር ይመስለኛል፤ የጀነሲስ የ1972ቱ «ሰፐርስ ሬዲ»። በወረቀት ላይ የሚያሳፍር ነገር ሁሉ አለበት። 23 ደቂቃ ነው። ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ ፍጻሜ አለው። መድረክ ላይ ደግሞ ጌብርኤል የአበባ ጭምብል ያጠልቅበታል።

መጨረሻው አካባቢ ግን ምን እንደሚሆን ስሙ። ቤዙና ድራሙ 9/8ን፣ ዘጠኝ ዘጠኝ የሚቆጠረውን ምት፣ ይዘው አይለቁም። ኦርጋኑ በላያቸው በሌላ ምት ይሄዳል። አይገጣጠሙም። ደቂቃዎች ያልፋሉ። መሬቱ ከእግሬ ስር እየሸሸ ያለ ይመስለኛል። ከዚያ የጌብርኤል ድምፅ ሊበጠስ እስኪደርስ ተወጥሮ ይገባል፣ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የሰማነው ዜማም ይመለሳል። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ነው። «አዲሲቷ ኢየሩሳሌም» ሲል አምነዋለሁ። ሃይማኖቴ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱን አብሬው ስለሄድኩ ነው።

ድራመሩ፦

ያ የ9/8 ቦታ ለድራመር ትልቅ ፈተና ነው። ግን ስሰማው ፈተናነቱ ትዝ አይለኝም። አንተን የምደግፈው እዚህ ላይ ነው።

ግጥም አንባቢዋ፦

አጀማመሩንም አትርሱት። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። እኔ ስፈልገው የነበረው ወንበርና መስኮት ይኸው። ከክፍል ተነስቶ ነው ወደ ሰማይ የወጣው። የግጥሙ ነገር ከዜማው ተለይቶ አይታይም የምለው ለዚህ ነው።

ኪቦርዲስቷ፦

አሁንም አልተረታሁም። ግን አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። ትናንት የማፍርለትን የሰማንያዎቹን አንድ ቅንብር ያለምንም ሲንተሳይዘር በተራ ፒያኖ ተጫወትኩት። ኮርዶቹ ባዶ ነበሩ። ልብሱን ሳወልቅለት ከስሩ ሰውነት አልነበረም። ይህ ላንተ ነጥብ ነው፤ ውሰደው።

ከዚያ ሌላ አፍርለት የነበረ ቅንብር ሞከርኩ። እሱ ግን በፒያኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲያውም አሳዘነኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት በድምፁ ምክንያት ሳልሰማው ኖሬያለሁ። ይህ ደግሞ የእኔ ነው።

የቀረኝ የተገላቢጦሹ ነው። የ«ሰፐርስ ሬዲ»ን መጨረሻ ነገ ማታ በዚያ በሚያብረቀርቀው የዲኤክስ ፒያኖ እጫወተዋለሁ፤ ሜሎትሮንም ኦርጋንም ሳልጨምር። ካፈርኩለት ድምፁ ነው ያልኩት ልክ ነበር። ካላፈርኩለት ክርክሩን ለቅቄልሃለሁ።