የሞተ ወንድሜን ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ልሣለው?

የአዘዞዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ካረፈ ጀምሮ እስከ አርባው ቤታችን ሰው አልተለየውም ነበር። ከተዝካሩ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እርሳስ አነሳለሁ። አሁን ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን ሥዕል፣ ሳንቃ ላይ ልሣልና ወንድሜን ከፎቶው እያየሁ ከግርጌ ላስገባው አስቤያለሁ። ነውር ይሆን? እመቤታችንስ ታልቅስ ወይስ ይቅር? ለቀለሙ የጆሮ ጌጤን ሸጫለሁ፣ እናቴ አልሰማችም።

ቀለም በጥባጩ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። እዚሁ ጎንደር ሥዕል ስሠራ ነው ያረጀሁት፣ የመሰለኝን ልንገርሽ። ከግርጌ የሚገባው ባብዛኛው ያሠራው ሰው ነው። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ብትሄጂ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ስር ድፍት ብለው ታያለሽ። ኋላ ልጃቸው ኢያሱ በ1747 ሞተባቸው፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ተገደለባቸው። ሐዘናቸውን ይዘው የተቀመጡት ራሳቸው ባሠሩት ቁስቋም ነው፣ እመቤታችን ልጇን አዝላ በተሰደደችበት በግብፁ ቦታ ስም በተሰየመው።

ስለዚህ ከግርጌ አንቺ ግቢ። ወንድምሽ በክርስትና ስሙ ይጻፍ። የፎቶ ፊት ከዚህ አሣሣል ጋር አይሄድም፤ ዓይንሽ እሱ ላይ ይቀራል፣ ጸሎትሽም አብሮ።

እንባውን ተዪው። እጇን ልብ ብለሽ እዪ፣ መሐረብ ይዛለች። ለእኔ እሱ ይበቃል። ልቅሶው ለስነ ስቅለት ነው፣ ከዮሐንስ ጋር ከመስቀሉ ስር ስትቆም።

ሳንቃው ዋንዛ ይሁን፣ በደንብ የደረቀ። እርጥብ ከሆነ ይጣመምና ቀለሙን ይሰነጥቅብሻል። ላዩ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ትለጥፊያለሽ። ከዚያ ጄሶ ደጋግመሽ ትቀቢና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሺዋለሽ። ፊቷን መጨረሻ ላይ ሥሪ፣ እጅሽ ከተፍታታ በኋላ።

ዲያቆኑ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ከሆነ በሜሮን መክበር አለበት።

የቀሃ ልጅ፦
ጨርቁን ለምን ትገዢያለሽ? የወንድምሽ ጋቢ የለም እንዴ?

ቀለም በጥባጩ፦
አንተ ልጅ፣ ይሄ እኔም አልመጣልኝም! ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው፣ እንዳለ ከተለጠፈ ያብጣል። አንዱን ድርብ ብቻ ለይተሽ አውጪ። በደንብ ታጥቦ ይድረቅ።

የአዘዞዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ ነገርኳት፣ የጆሮ ጌጡንም ጨምሬ። ስለ ጌጡ «የራስሽ ነው» ብላ ዝም አለች። ጋቢው ላይ ግን ተቆጣች። ቆይታ መቀስ ይዛ መጣችና ስፌቱን ራሷ ፈታችው። «አይታጠብም ግን፣ ጠረኑ አለበት» ብላ ድርቅ ብላለች። ጋሼ፣ ሳይታጠብ ሙጫው ይይዝልኛል?

ቀለም በጥባጩ፦
የአንገቱን በኩል ተዪው፣ ወዝ ያለበት ቦታ ይላጣል። ከመሃሉ ቁረጪ። ሙጫውን ወፈር አድርጊው። እናትሽን አትጨቅጭቂያት።