የምድር መንገድ የባሕርን ውሃ እንዴት ይደራርበዋል?

ጥራዝ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን የመመረቂያ ጽሑፍ ጥራዝ በዝቶብኛል። ገጽ ተዛንፎ እንዳይጠረዝ አንድ በአንድ አያለሁ፤ እያየሁ ደግሞ አነባለሁ። ልማድ ሆኖብኛል።

ባለፈው ሳምንት ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ እያለ ይለዋወጣል፤ በዚህ ሰበብ በምድር ወገብ ዙሪያ የውቅያኖሱ አደራረብ ተለውጧል ይላል። ባለቤቱን ልጅ እንዳልጠይቀው ጥራዙን ተቀብሎኝ እየሮጠ ሄደ።

ምድር ወገብ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አለ። ታዲያ ምኑ ይለወጣል? የባሕር ውሃስ እንዴት ይደራረባል? ውሃ ውሃ አይደለም እንዴ?

ድንጋይ አንባቢ፦
ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ጁስ ቤት ስፕሪስ አዘው ያውቃሉ? አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው በየተራ ይተኛል፤ ካላማሰሉት አይቀላቀልም። ባሕርም እንደዚያ ነው። ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይሆናል። ቀዝቃዛው ከባድ ነውና ከታች ይተኛል። በመካከላቸው ሙቀቱ ቶሎ የሚወርድበት ድንበር ተርሞክላይን ይባላል።

ማንኪያው ነፋስ ነው። ፓስፊክ ላይ ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። እዚያ ሞቃቱ ንብርብር ወፍራም ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ግን ስስ ነው። ነፋሱ ሲለወጥ ውፍረቱም ይለወጣል።

ነፋሱን የሚያዘው ደግሞ ወቅቱ ነው። ዛሬ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰኔ መጨረሻ ላይ 152 ሚሊዮን ይሆናል። የምድር ዘንግ ሊቆም እንደደረሰ እንዝርት ስለሚዋልል፣ ይህ ቅርበት በ23,000 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። የዛሬ 11,000 ዓመት ግድም ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በእኛ ክረምት ነበር። የዓመቱ የፀሐይ ድምር በዚህ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሩ ነው። በዚያ ወር የብሱ ይበልጥ ይግላል፣ ከባሕር የሚሳበው ነፋስም ይበረታል። ሶማሊያ ጠረፍ ላይ የክረምቱ ነፋስ ዛሬም የላዩን ውሃ ገፍቶ ቀዝቃዛውን ከታች ያወጣል።

ጥራዝ ቤት፦
ስፕሪሱ ገባኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን የዚያን ዘመን የባሕር ሙቀት ማን ለካው?

ድንጋይ አንባቢ፦
ፎራሚኒፌራ ናቸዋ! የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል የኖራ ቅርፊት ያላቸው ፍጥረታት ናቸው። አንዱ ዝርያ ከላይ ይኖራል፣ ሌላው ተርሞክላይኑ ጋ። ሲሞቱ ሁሉም አንድ ጭቃ ላይ ይወድቃሉ። ቅርፊቱ ውስጥ ማግኒዥየም ከካልሲየም አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፤ ሞቃት ውሃ ውስጥ ያደገው ማግኒዥየሙ ይበዛል። የላይኛውና የታችኛው ሙቀት በጣም ከተራራቀ ንብርብሩ ጠንካራ ነበር ማለት ነው። ከተቀራረበ ውሃው ተማስሏል። መጀመሪያ ስማረው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጆች፣ አገራችንንም አትርሱ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህንን ሳልናገር ክፍል አልዘጋም ነበር። ያኔ ክረምቱ ሲበረታ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ሐይቁ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ሰሃራም ሣር ለብሶ ነበር።

ዐባይ ደግሞ ያን ሁሉ ጎርፍ ይዞ ሜዲትራኒያን ገባ። ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ነው፤ በጨዋማው ላይ እንደ ክዳን ተነጠፈ። ከታች ኦክስጅን አለቀ። የሞተው ሁሉ በወጉ ሳይበሰብስ ተከማቸ። ዛሬ ከባሕሩ ወለል ጭቃ ሲወጣ ጥቁር ንብርብር ይታያል፤ የመጨረሻው ከዛሬ 10,000 እስከ 6,000 ዓመት ግድም የተነጠፈ ነው። ከሥሩ የቆዩ ሌሎች አሉ፣ ያንኑ የእንዝርት ምት የሚከተሉ። ሐሩሩ ላይ የዘነበው ነው ሩቅ ባሕር የደረበው።

ወንድሜ፣ አራት ኪሎ የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ የሚዘንበው ግን በሙገር አድርጎ ዐባይ ይገባል።

ጥራዝ ቤት፦
እትዬ፣ እንጦጦ ከሱቄ ደጅ ይታየኛል። ስንት ዓመት አየሁት፤ ጀርባው ውሃውን ወዴት እንደሚልክ ግን አስቤ አላውቅም። ልጁ ሁለተኛውን ቅጂ ሐሙስ ሊወስድ ይመጣል። ሻይ አዝዤ አስቀምጠዋለሁ፤ የእሱ ቅርፊቶች ከየትኛው ባሕር እንደወጡ ሳይነግረኝ አይሄድም።