የናቪ ፒላይ የሙያ ጉዞ፦ ከደርባን የጥብቅና ቢሮ እስከ አሩሻው ችሎት

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪዋ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀሩኝ የሕግ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሩዋንዳውን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ሳነብ የዳኛ ናቪ ፒላይ ስም ደጋግሞ ገጠመኝ። ስለ እርሳቸው ያገኘኋቸው አጫጭር ታሪኮች የያዙትን ሥልጣን በቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፤ በ1995 የሩዋንዳው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተመረጡ፣ ከ1999 እስከ 2003 ፕሬዚዳንቱ ነበሩ፣ ቀጥሎ በሄግ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ዳኛ፣ ከ2008 እስከ 2014 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆኑ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከዚያ በፊት በአገራቸው በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን ከተማ፣ ጠበቃ ሆነው የሠሩባቸው 28 ዓመታት ምን ይመስሉ እንደነበርና ለዓለም አቀፉ ችሎት ምን እንዳስጨበጧቸው ነው። የምጠይቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የቀለብና የውርስ አቤቱታ ስጽፍ፣ የክፍል ጓደኞቼ ይህ ሥራ ወደ ዓለም አቀፍ ሕግ እንደማያደርስ ይነግሩኛል።

መልስ 1፦ ጠበቃና የሕግ አማካሪ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ስለ ደርባኑ ዘመን ልጀምርልሽ። ፒላይ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ናቸው። የተወለዱበት የክሌርዉድ ሠፈር የሕንዳውያን ማኅበረሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባቸው። ሕግ አጥንተው ሲጨርሱ የሚቀጥራቸው ቢሮ አጡ፤ ነጭ ሠራተኛ ነጭ ካልሆነች ሴት ትእዛዝ ሊቀበል አይችልም ተባለ። ስለዚህ በ1967 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ፤ በናታል ክፍለ ሀገር ነጭ ካልሆኑ ሴቶች መካከል ይህን ያደረጉ የመጀመሪያዋ ነበሩ። ጠበቃ ሆነው ለዓመታት ሲሟገቱ ወደ ዳኛ ቢሮ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር። የመጀመሪያውን የዳኛ ቢሮ ደጃፍ የረገጡት በ1995 ማንዴላ ለአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ሲያጯቸው፣ ወደ ገዛ ራሳቸው ቢሮ ሲገቡ ነው።

ለጥያቄሽ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሠራራቸው ይመስለኛል። የአፓርታይድን የዘር መድልዎ ሥርዓት በጠቅላላው ኢፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር በዚያ ፍርድ ቤት የትም አያደርስም ነበር። እርሳቸው የያዙት አገዛዙ ራሱ የጻፈውን ሕግ ነበር። ጠበቃ ባለቤታቸው ሲታሰሩ ፖሊስ ሕገ ወጥ የምርመራ ዘዴ እንዳይጠቀምባቸው እንዲታገድ አመለከቱ። በ1973 ደግሞ በሮቤን ደሴት የታሰሩ የፖለቲካ እስረኞች፣ ማንዴላ ጭምር፣ ከጠበቃ ጋር የመገናኘት መብታቸው እንዲከበር አስወሰኑ። ከዚህ ጎን ለጎን በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶች ምክር የሚያገኙበትን አገልግሎት ከሌሎች ጋር አቋቁመዋል። ይህ አንቺ በሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ከምትሠሪው ሥራ የራቀ አይደለም። በሃርቫርድ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1982፣ ዶክትሬታቸውን በ1988 ያገኙትም በዚሁ የጥብቅና ዘመናቸው ነው።

መልስ 2፦ የወንጀል ሕግ መምህር

የቀደመው አስተያየት ሰጪ ያነሱትን የሩዋንዳው ፍርድ ቤት ወደተሰየመባት ወደ ታንዛኒያዋ አሩሻ ልውሰደው። በሩዋንዳ የታባ አካባቢ ከንቲባ የነበረው ዣን ፖል አካዬሱ ጉዳይ በጃንዋሪ 1997 መሰማት ሲጀምር፣ በክሱ ላይ ስለ አስገድዶ መድፈር የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። «ጄ» በሚል ፊደል የተሰየመች ምስክር ስለ ግድያ እየመሰከረች ሳለ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሦስት ወንዶች እንደደፈሯት ተናገረች። ከእርሷ በኋላ የመጣችው «ኤች»ም በራሷ ላይ የደረሰውንና በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ግቢ በሌሎች ሴቶች ላይ ሲፈጸም ያየችውን ገለጸች። በችሎቱ ከሴኔጋሉ ላይቲ ካማና ከስዊድኑ ሌናርት አስፔግረን ጋር የተሰየሙት ፒላይ በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ብቸኛ ሴት ዳኛ ነበሩ። ዳኛ ክስ መመሥረት አይችልም፤ ምስክርን ግን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ዳኞቹም ጠየቁ። ዓቃቤ ሕግ ምርመራውን ቀጥሎ በጁን 1997 ክሱን አሻሻለ፤ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በተሰጠው ፍርድ አካዬሱ ከ15 ክሶች በ9ኙ ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። አንድን ሰው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይህ ነው። አስገድዶ መድፈር ቡድንን ለማጥፋት ታስቦ ሲፈጸም የዘር ማጥፋት ድርጊት እንደሚሆንም የተፈረደው በዚሁ ነው።

ፍርዱን ስታነቢ ስለ ሩዋንዳ ቋንቋ፣ ስለ ኪንያርዋንዳ፣ ቃላት የተጻፈውን ክፍል እንዳትዘይው። ምስክሮቹ መደፈርን በአራት የተለያዩ ቃላት ይገልጹ ስለነበር ዳኞቹ የእያንዳንዱን ትርጉምና የአስተርጓሚውን ምርጫ ዘርዝረው መዝግበዋል። በእኛም ችሎት አንዲት ተበዳይ «አበላሸኝ» ብላ ዝም ስትል ቃሉ በመዝገቡ ላይ ምን ሆኖ እንደሚጻፍ ላየ ሰው ይህ ጥንቃቄ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ጆሮ የሚፈጥረው ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የዋለ ሰው ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 3፦ በሴቶች መብት ላይ የምሠራ ጠበቃ

በመምህሩ አገላለጽ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ምስጋናው በአንድ ዳኛ ላይ ብቻ እንዳያርፍ እሰጋለሁ። ክሱ ከመሻሻሉ በፊት የሴቶች መብት ተሟጋቾች ጥምረት የፍርድ ቤት ወዳጅ (ተከራካሪ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርብ ወገን) ሆኖ አስተያየቱን በጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጄ» እና «ኤች» ባይናገሩ ኖሮ ዳኞቹ የሚጠይቁት ነገር ባልኖረ ነበር።

ወደ እኛ አገር የሚያደርስም መስመር አለ። ፒላይ በ1992 ከመሠረቱት መካከል የሆኑበት «ኢኳሊቲ ናው» የተባለው ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር በመሆን በ2001 በ13 ዓመቷ የተጠለፈችና የተደፈረች ልጅን ጉዳይ ለአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቅርቧል። ጠላፊውና ግብረ አበሮቹ ከተፈረደባቸው በኋላ በይግባኝ ተለቀው ነበር፤ ኮሚሽኑ በ2015 መንግሥት መብቷን እንዳላስከበረ ወስኖ 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት አዘዘ። ጠላፊ ተጠላፊዋን ካገባ ከክስ ነጻ የሚያደርገው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድንጋጌም በ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቀርቷል (እነዚህ ሁለት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቡ ቁጥር 341/2007 ነው፤ የተጀመረውም በወረዳ ደረጃ በተጻፈ አቤቱታ እንጂ የኮሚሽኑ መቀመጫ በሆነችው በባንጁል አልነበረም።

የተማሪዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጽሑፌን ርዕስ ስለ ምስክሮች ቃልና ስለ ትርጉም አድርጌ ልቀይር አስቤያለሁ፤ የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ከየት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ 2፦ የወንጀል ሕግ መምህር

ፍርድ ቤቱ በ2015 መጨረሻ ተዘግቷል። መዛግብቱን ቀሪ ሥራውን የተረከበው ተቋም በአሩሻ ቅርንጫፉ ይጠብቃቸዋል፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን በድረ ገጹ ታገኚዋለሽ። በዝግ ችሎት የተሰጠው ቃል ለምስክሮቹ ደኅንነት ሲባል ስለተሸፈነ፣ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የሚጎድሉ ገጾች ቢገጥሙሽ ምክንያቱ ይህ ነው።