የታዋቂ ሰዎች ወሬ ዜና ሊባል ይገባዋልን?

ጠያቂ፦ ትናንት ማምሻውን የዜና እወጃ ስከታተል፣ ስለ በጀት ጉድለት የቀረበው ዘገባ በቅጡ ሳይብራራ ታልፎ፣ በአንዲት ተዋናይት ጣት ላይ ቀለበት አለመታየቱ ለረጅም ደቂቃ ሲተነተን አየሁ። ሐሜት ጥንትም የነበረ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዜና ተብሎ ሊቀርብ ይገባዋል ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ድንበሩን የማሰምረው በባለጉዳዩ ዝና ሳይሆን፣ ነገሩ ሌላውን ሰው የሚመለከት በመሆኑና ባለመሆኑ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማጂክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ መገኘቱን በአደባባይ ሲናገር፣ ጉዳዩ የግል ጤናው ቢሆንም፣ ብዙዎች ስለ በሽታው የነበራቸውን የተሳሳተ ግምት እንዲመረምሩ ያደረገ ዜና ነበር። ደግሞም የተናገረው ራሱ ነው እንጂ ሌላ ሰው ሹክ ብሎበት አይደለም።

መልስ 2፦ እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው የሚገኝበት መንገድ ነው። ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የተሰኘው የብሪታንያ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተዘጋው፣ የሰዎችን የስልክ የድምፅ መልእክት በድብቅ ሲያስጠልፍ መኖሩ በመጋለጡ ነው፤ ከተጠለፉት መካከልም የተገደለች ታዳጊ ልጅ ስልክ ይገኝበታል። የዝነኞችን ጓዳ ለመበርበር የተለመደው ዘዴ በዝነኞች ላይ ብቻ አልቆመም ማለት ነው።

መልስ 3፦ ሐሜትን ሁሉ መናቅም ያሳስታል። የፊልም አዘጋጁ ሃርቪ ዋይንስቲን በሴቶች ላይ ይፈጽመው የነበረው ወሲባዊ ጥቃት በሆሊውድ ለዓመታት በሹክሹክታ ሲወራ ቆይቶ፣ ዜና የሆነው ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2017 ተበዳዮችን በስም አናግረውና ሰነድ አገላብጠው ሲያወጡት ነው። የቀለበቱ ወሬ ግን ማን ተጠይቆ፣ ምንስ ተጣርቶ ቀረበ?

ጠያቂ፦ ማንም አልተጠየቀም፤ የቀረበው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፣ እሱም ግራ እጇን አያሳይም።