ለዓመታት «ችፌ» የተባለ ሽፍታ፦ ማይኮሲስ ፈንጎይድስን እንዴት እናረጋግጥ?

ጥያቄ
የ71 ዓመት አዛውንት ናቸው። መቀመጫቸውና የጭናቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠፍጣፋ፣ ስስ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። በመጀመሪያ ጭርት፣ ቀጥሎ ችፌ ተባለ። ስቴሮይድ ሲቀቡ ይለዝባል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል። በ3 ሚሊሜትር ፓንች (ክብ የቆዳ መቁረጫ) የተወሰደው ባዮፕሲ (የቆዳ ናሙና) «የቆየ የቆዳ ብግነት» ይላል። በቆዳ ላይ የሚወጣው የቲ-ሴል ሊምፎማ (ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር)፣ ማለትም ማይኮሲስ ፈንጎይድስ ይመስለኛል፤ ምን ልድገም?

መልስ 1
መጠርጠርዎ ተገቢ ነው፤ ፀሐይ በማያገኘው ቆዳ ላይ ወጥቶ ዓመታት ከቦታው ያልተነቃነቀ ሽፍታ ችላ አይባልም። ናሙናው የተወሰደው ቅባቱን እየተጠቀሙ ሳለ ከሆነ ግን ውጤቱ አይታመንም። ስቴሮይድ ወደ ኤፒደርሚስ (የቆዳው ላይኛ ንብርብር) የገቡትን ሊምፎሳይቶች ስለሚያመናምን የሚቀረው ተራ ብግነት ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያስቁሙና ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ እንደገና ይውሰዱ፤ የታከከውን ይለፉት። 3 ሚሊሜትር ለዚህ በሽታ ጠባብ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ፓንች ወይም ሰፋ ያለ ሼቭ (ከላይ በስሱ የሚላጭ ናሙና) ይሻላል። በላቦራቶሪ መጠየቂያው ላይ ጥርጣሬዎን፣ ሽፍታው የቆየበትን ጊዜና ቅባቱ የቆመበትን ቀን ይጻፉ። «ሽፍታ» ብቻ ተብሎ የመጣን ናሙና ማንም በዚህ ዓይን አያየውም።

መልስ 2
ከፓቶሎጂ በኩል ልጨምር። የፖትሪየር ማይክሮአብሰስን (በኤፒደርሚስ ውስጥ የተከማቹ የካንሰር ሊምፎሳይቶችን) አትጠብቁ፤ በመጀመሪያ ደረጃ ብዙ ጊዜ የለም። የምንፈልገው በኤፒደርሚስ የታችኛው ረድፍ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ፣ ዙሪያቸው ነጣ ያለ ክፍተት ያላቸው ሊምፎሳይቶችን ነው። ችፌ ቢሆን በሴሎቹ መካከል የገባው ፈሳሽ ጎልቶ ይታይ ነበር። በቲ-ሴሎች ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ሲዲ3፣ ሲዲ4፣ ሲዲ8ና ሲዲ7 ይቀለሙ። የሲዲ7 መጥፋት ብቻውን አያረጋግጥም፣ በብግነትም ይቀንሳል። በቲ-ሴል ሪሴፕተር ጂን ምርመራም በአንድ ናሙና የተገኘ ክሎን (ከአንድ ሴል የተራቡ ሴሎች) አያሳምንም፤ ያው ክሎን ከሁለት ቦታ ሲገኝ ግን ክብደት አለው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ከተረጋገጠ ደረጃው እንዴት ይወሰናል?

መልስ 1
ሽፍታው የሸፈነውን ቆዳ በሕመምተኛው በራሳቸው መዳፍ ይለኩ፤ መዳፍ ከነጣቶቹ ከመላው የሰውነት ቆዳ 1 በመቶ ገደማ ነው። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ፣ እብጠት ከሌለና ሊምፍ ኖዶችም ደሙም ደህና ከሆኑ 1ኤ (የመጀመሪያው ደረጃ) ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ አብዛኞቹ ሕሙማን ዕድሜያቸው ከእኩዮቻቸው አያጥርም፤ ለአዛውንቱ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሲነግሯቸው ይህን በዚያው አፍታ ይንገሯቸው፣ ለነገ አያሳድሩት። እስኪረጋገጥ ድረስ ሳይክሎስፖሪን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) እንዳይጀምሩላቸው፤ በሽታውን ሊያፋጥነው ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን ይወስዱ እንደሆነም ይጠይቁ፣ ተመሳሳይ ሽፍታ ያመጣሉ። ሁለተኛው ባዮፕሲም ካልለየ፣ ቦታዎቹን ፎቶ አንስተው ከጥቂት ወራት በኋላ ይድገሙት።