የቡሄ ዋዜማን ገጠር፣ ልጆች ይዞ ደጅ ማምሸት እንዴት ነው?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ትምህርት ስለተዘጋ ነሐሴ ላይ ባለቤቴ እናት ጋ ልንሄድ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ ገጠር ነው። ልጆቼ (9 እና 6) ቡሄን የሚያውቁት ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፣ በየፎቁ ሆያ ሆዬ ብለው መጨረሻ ላይ ብር ሲካፈሉ መጣላት 😅 እኔ የምፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ማታ ብቻ ነው፣ ቲቪ የለ ዋይፋይ የለ፣ ደጅ ቁጭ ብሎ ችቦ ማየት። ግን ዝናቡስ? ብርዱስ? ምን ይዤ ልሂድ? አማቴን ስጠይቃቸው "ኑ ብቻ" ነው የሚሉኝ።

የደጋ ልጅ
እህቴ መጀመሪያ ቀኑን እንዳትሳሳቺ፣ ችቦው የሚበራው ነሐሴ 12 ማታ ነው፣ 13 ጠዋት ከደረሳችሁ ሙልሙል ትበያላችሁ እንጂ ማታው አምልጧችኋል። መንገዱንም ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ያሉትን ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በአዲስ አበባ ጃኬት እንዳትሸወጂ፣ ጋቢ ለየራሳችሁ፣ ለልጆቹ ቦት ጫማ፣ ስኒከሩን ጭቃው ያስቀርባችኋል። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ይወርድና ማታ ሊያባራም ላያባራም ይችላል፣ ካባራ ግን ምን ልበልሽ፣ ወንዙ ከሩቅ ይሰማል፣ ከማዶ አንዱ እረኛ ጅራፍ ያጮሃል ከወዲህ ሌላው ይመልስለታል፣ ከዛ አንድ ችቦ ብልጭ ይላል፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዛ መቁጠር ትተያለሽ። (ጸጥ ያለ ያልሽው ጅራፉን ሳይጨምር ነው ሃሃ)
አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በነሐሴ ደረቅ እንጨት ማለት ወርቅ ነው። እናቴ የችቦውን ጭራሮ ከሳምንት በፊት ጀምራ ከምድጃው በላይ ሰቅላ ነበር የምታደርቀው። መኪና ካላችሁ ኬክ ተሸክማችሁ ከምትሄዱ እንጨት ጫኑ።

እማ ቤቲ
ኬኩማ ጭራሽ! ፍልሰታ ነው እኮ፣ እስከ 16 ቅቤም ወተትም እንቁላልም የለም። ቡና፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት ውሰጂ፣ ይበቃል። ቆሎው እዛው አለ። ልጆቹ ችቦው ለምንድነው ማለታቸው አይቀርም፣ እኛ ቤት ሲነገረን ያደግነው ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞቹ የመሸ ሳይመስላቸው ሜዳ ቀሩ፣ ወላጆች ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ እየተባለ ነው። ሙልሙሉ ሲጋገር አማትሽ አጠገብ አስቀምጫቸው፣ እሳቸው ካንቺም ከኔም የተሻለ ይነግሯቸዋል።

ጅራፍ ፈሪ
ጅራፉን ከሩቅ ያዩ ብቻ፣ የ6 ዓመት ልጅ ሲሞክር ጫፉ ዞሮ የሚመጣው ዓይኑ ላይ ነው። ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የተባለው ለቀልድ አይደለም፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ምልክቱ እስካሁን አለ። እና እባካችሁ ለሚጨፍሩት ልጆች ብር አትበትኑ፣ ሙልሙል ነው ደንቡ፣ ገጠሩንም ኮንዶሚኒየም አታድርጉብን።

የደጋ ልጅ
@ጅራፍ ፈሪ እዚህ ላይ አልስማማም ወንድሜ። እኔ እረኛ ሆኜ የቡሄ ሳንቲሜን አጠራቅሜ ነው መስከረም ላይ ደብተር የገዛሁት። ሙልሙሉንም ይስጡ፣ ብሩንም ይስጡ፣ ደንብ የሚያስከብረው ከተሜው ብቻ ነው እንዴ?

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ 🙏 ጋቢውም ቦቱም ተገዝቷል። ለአማቴ ደውዬ እንጨት ጭነን ልንመጣ ነው ብላቸው ዝም አሉ ዝም አሉና "ቤቴ ቀዝቅዟል ያለሽ ማነው?" አሉኝ፣ በቃ አስቀየምኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ልንዘጋ ስንል "ካመጣሽ አይቀር ደረቅ ባህር ዛፍ ይሁን፣ እርጥቡ ያጨሳል" 😂